ከብራና እስከ ንፋስ ስልክ፦ ዓይን፣ ጆሮና እጅ በኢትዮጵያ የንባብ ታሪክ

መጽሐፍ የሰው ልጅ አሳቡን ከዕድሜው አሻግሮ ለሚመጣው ትውልድ የሚያስተላልፍበት ዕቃ ነው። ዕቃው ግን በየዘመኑ ይለወጣል። በሀገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት ብራና ነበር፤ ከዚያ ወረቀት ሆነ፤ ቀጥሎም በራዲዮ ሞገድ የሚጓዝ ድምፅ ሆነ፤ ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ መስተዋት ላይ የሚበራ ፊደል ሆኗል። አንድ ልብ ወለድ በወረቀት ታትሞ፣ በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍነት ተዘጋጅቶ፣ እንዲሁም በተራኪ ድምፅ ተቀድቶ በአንድ ጊዜ ሲቀርብ አንባቢው ከሦስቱ የትኛውን መያዝ እንደሚሻለው መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው «መጽሐፍ ማድመጥ ማንበብ ነውን?» የሚል ክርክርም ያስከትላል። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ከባሕር ማዶ መሣሪያ ጋር አብሮ እንደ መጣ እንግዳ ነገር ይታያል። የኢትዮጵያን የንባብ ታሪክ መለስ ብሎ ለሚመረምር ግን በዚህች ሀገር ጆሮ ከዓይን ባላነሰ የመጽሐፍ በር ሆኖ መኖሩ ግልጽ ነው።

በአዲስ አበባ በስተደቡብ በኩል የሚገኘው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የዚህን ታሪክ አንድ ምዕራፍ በስሙ ይዞ ይኖራል። ያለ ሽቦ በአየር ላይ የሚተላለፈው መልእክት ወደ ሀገራችን ሲገባ የዘመኑ ሰው «የንፋስ ስልክ» ብሎ ሰየመው። ነፋስ ድምፅ ይሸከማል ማለት ነው። ከዚያው የከተማ አቅጣጫ ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ በአቃቂ የተተከለው የራዲዮ ጣቢያ ከኢጣልያ ወረራ በፊት ሥራ ጀምሮ ነበር። በ1928 ዓ.ም. መባቻ ወረራው ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ የኢትዮጵያን አቤቱታ ለዓለም ሕዝብ ያሰሙት በዚሁ ጣቢያ ነው። በዚያን ጊዜ ነፋሱ የተሸከመው የሀገርን ጩኸት ነበር። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ደግሞ መጽሐፍን ተሸክሟል።

ንባብ በጆሮ

በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ፊደል ቆጥሮ ሲያበቃ ወደ ንባብ ይሸጋገራል። በመልእክተ ዮሐንስ ይጀምራል፤ ወንጌሉን ያስከትላል፤ ከዚያ ዳዊት ይደግማል። ንባቡም ግዕዝ፣ ውርድና ቁም ንባብ እየተባለ በደረጃ የተከፈለ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ፊደላቱን አንድ በአንድ እየለቀመ ያሰማል፤ በሁለተኛው ድምፁን እያወረደና እያነሣ ያለማምዳል፤ በመጨረሻው ቃሉን እንደ ባሕርዩ ሳይደናቀፍ ይወጣዋል። ተነሽ፣ ተጣይ፣ ሰያፍና ወዳቂ የሚባሉት የንባብ ሥርዓቶች ሁሉ የሚመለከቱት ድምፅን ነው። አንድን ቃል ያለ ቦታው ያነሣ ወይም የጣለ ተማሪ ፊደሉን ቢያውቅም ንባብ ዐወቀ አይባልም።

ተማሪው በስንደዶ እየጠቆመ፣ በዓይኑ እየተከተለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ እጁ፣ ዓይኑና ጆሮው በአንድነት ይሠሩ ነበር። መምህሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉን አይመለከትም፤ ስሕተቱን የሚያገኘው በጆሮው ነው። የዓይን ብርሃን ያልነበራቸው ሊቃውንት የቅኔ፣ የዜማና የትርጓሜ ወንበር ዘርግተው ብዙ ደቀ መዛሙርት ለማፍራት የበቁትም የትምህርቱ መሠረት ቃል ስለ ነበረ ነው።

ይህ ሥርዓት የጸናው በእምነት ልማድ ብቻ አይደለም፤ የኢኮኖሚ ምክንያትም ነበረው። አንድ የብራና መጽሐፍ ለማዘጋጀት የብዙ ፍየል ወይም በግ ቆዳ ይፈለጋል። ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆና ተለስልሶ ብራና እስኪሆን፣ ቀለሙ እስኪበጠበጥ፣ ጸሐፊውም መስመር አስምሮ ጽፎ እስኪጨርስ ወራት ያልፋሉ። ስለዚህ መጽሐፍ በማኅደሩ ሆኖ በግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል ብርቅ ዕቃ ነበር። አንዱን ቅጂ ብዙ ሰው የሚካፈለው በመስማት ነው። ገድሉ፣ ድርሳኑና ተአምሩ በየበዓሉ እየተነበበ ፊደል ያልቆጠረው ምእመን ይሰማዋል። ከሩቅ የመጣ ደብዳቤ እንኳ በአንድ ሰው እጅ ተጽፎ በሌላ ሰው አፍ ተነብቦ ለባለቤቱ ይደርስ ነበር።

ብራና በአንጻሩ ዕድሜ ነበረው። በዐድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች በሳይንሳዊ ምርመራ ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል። የብራና ጸሐፍትና ባለ መጻሕፍት በመጽሐፉ ዳርቻ «የሰረቀው፣ የፋቀው የተረገመ ይሁን» የሚል ግዝት ማስፈራቸውም የተለመደ ነበር። ግዝቱ የሚጠብቀው ዕቃውን እንጂ ደራሲውን አልነበረም። መጽሐፉን የሚገለብጥ ሰው እንደ ሌባ ሳይሆን እንደ በጎ አድራጊ ይቆጠር ስለ ነበር መገልበጥን የሚከለክል አልነበረም። ይህ ልዩነት በኋላ ዘመን ለሚነሣው ጥያቄ ቁልፍ ነው።

ኅትመትና ዝም ብሎ የሚያነብ ሰው

የግዕዝ ፊደል በማተሚያ መሣሪያ የታተመው መጀመሪያ በውጭ ሀገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1513 ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን መዝሙረ ዳዊትን በሮማ አሳተመ። ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ማተሚያ የገባው ከ3 መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1863 በምጽዋ ነው። በአፍሪቃ ቀንድ የኅትመት ጉዞ ምን ያህል አዝጋሚ እንደ ነበረ ለመረዳት «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ በአዲስ አበባ ሲጀመር በእጅ ጽሕፈት እየተባዛ በጥቂት ቅጂዎች ይሰራጭ እንደ ነበር ማስታወስ ይበቃል። በ1900 ዓ.ም. የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» የታተመው በዚያው በሮማ ነበር። በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሲቋቋም፣ በ1917 ዓ.ም. በዚሁ ስም የሚጠራው ጋዜጣ መውጣት ሲጀምር፣ ከነጻነት መመለስ በኋላም በ1936 ዓ.ም. ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ለሕዝብ ሲከፈት የወረቀት መጽሐፍ በሀገሩ ሥር ሰደደ።

ኅትመት ያመጣው ለውጥ የቅጂ ብዛት ብቻ አልነበረም። ከብዙኃኑ ተለይቶ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ በኩራዝ ብርሃን ብቻውን የሚያነብ ሰው የተስፋፋው ከኅትመት ወዲህ ነው። ልብ ወለድ የዚህ አንባቢ ወዳጅ ሆነ። አንባቢው ቸኩሎ ማለፍ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ማጣራት፣ በዳርቻው ላይ ምልክት ማድረግ፣ ደስ ያላለውን መዝለል ቻለ። የንባቡ ፍጥነት በእጁ ገባ።

ነገር ግን ይህ ጸጋ የደረሰው ፊደል ለቆጠረው ብቻ ነበር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው፣ ውሎ አድሮም በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1980 ከዩኔስኮ ሽልማት አግኝቷል። በዚህ ስፋት ዘመቻ ማስፈለጉ ራሱ አብዛኛው ሕዝብ ከታተመው ቃል ውጭ ይኖር እንደ ነበር ምስክር ነው። ፊደል ላልቆጠረው ሕዝብ መጽሐፉን ያደረሰው ነፋሱ ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁ ነጥቦች፣ የወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም በገጾቹ ላይ በሌሎች የአማርኛ መጻሕፍት የማይዘወተር ነገር ነበረበት። ደራሲው በሚጠብቁት ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ አኖሩ። የአማርኛ አጻጻፍ እንዲሻሻል ከሚሟገቱት አንዱ የነበሩት ሐዲስ በዚህ ትንሽ ምልክት የቋንቋውን ትልቅ ችግር መንካታቸው ነበር። የአማርኛ ፊደል መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። «ገና» ሲላላ «እስካሁን» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ይሆናል። «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ መንሳፈፍ ነው፤ ሲጠብቅ ከሁሉ የሚቀድም ማለት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። አንባቢው ትክክለኛውን ድምፅ የሚያገኘው ከዐረፍተ ነገሩ ትርጉም በመነሣት ነው። እንግዲህ አማርኛ የሚያነብ ሁሉ በልቡ ተራኪ ነው ማለት ይቻላል። የሐዲስ ነጥቦች ድምፅን በወረቀት ላይ ለማስፈር የተደረገ ሙከራ ነበሩ። ልማዱ ግን በሌሎች ደራሲያን ዘንድ አልተስፋፋም።

ነጥቦቹ የሞከሩትን ሥራ በሌላ መንገድ የፈጸመው ዕውቁ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ ነው። በኢትዮጵያ ራዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በትረካ ባቀረበ ጊዜ ከ500 ገጽ የሚበልጠው መጽሐፍ በየሳምንቱ እየተቆረሰ ወደየቤቱ ገባ። ራዲዮ ያለው ለሌለው ጎረቤቱ እያካፈለ፣ ፊደል የማያውቁ እናቶችና አባቶች ከተማሩት ልጆቻቸው ጋር እኩል ተቀምጠው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ዕጣ ተከታተሉ። ጉዱ ካሳ ሲናገር የሚሰማው የወጋየሁ ድምፅ ሆነ። ወጋየሁ በ1982 ዓ.ም. ቢያርፍም ትረካው ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ በይነ መረብ እየተሻገረ ዛሬም ይደመጣል። መጽሐፉን በወረቀት ከማንበባቸው በፊት በጆሮ የሰሙት ብዙዎች ናቸው፤ ከሰሙት በኋላ ታትሞ የሚገኘውን የፈለጉትም እንዲሁ። ድምፁ ወረቀቱን አላስረሳም፤ ይልቁንም አዲስ አንባቢ አመጣለት። በዚያው ዝግጅት ከተሰሙት ስመ ጥር ተራኪዎች መካከል በ2010 ዓ.ም. ያረፈው ፍቃዱ ተክለ ማርያምም ይጠቀሳል።

ተራኪ የሚሰጠውና የሚወስደው

ከዚህ በመነሣት ትረካ ምንጊዜም ከገጹ ይበልጣል ማለት ግን ስሕተት ነው። ተራኪ የፊደል አሻሚነትን ይፈታል። የባላባቱን ኩራት፣ የደብተራውን ፈሊጥ፣ የገበሬውን ትዝብት በየቃናቸው ለይቶ ያሰማል። በገጠር ዘዬ የተጻፈ ንግግር ለከተማ ልጅ በገጹ ላይ ሲከብደው በድምፅ ሲሰማው ይቀለዋል። ይህ ሁሉ ትርፍ ነው።

ጉዳቱ የሚታየው በኅብር ላይ ነው። የአማርኛ ቅኔ ውበት የሚመነጨው አንዱ ቃል ሁለት ትርጉም ተሸክሞ ሰሙም ወርቁም በአንድነት ሲቆሙ ነው። «ይበላል» የሚለው ቃል ሲላላ የሚበላውን ሰው፣ ሲጠብቅ የሚበላውን ምግብ ያመለክታል። ገጹ ሁለቱንም ፍቺዎች ክፍት አድርጎ ይተዋቸዋል፤ አንባቢውም ቆም ብሎ፣ ተመልሶ፣ አጥብቆና አላልቶ ወርቁን ይቆፍራል። ተራኪው ግን በአንድ ጊዜ ማጥበቅም ማላላትም አይችልም። አንዱን መርጦ ማሰማት አለበት፤ በመረጠበት ቅጽበት ሌላው ፍቺ ከአድማጩ ይሰወራል። የጥንቱ የቅኔ ጉባኤ ይህን የሚፈታው ቅኔውን እየደገመ በማስቀጸልና ከዚያም በመተርጎም ነበር። የተቀዳ ድምፅ ቆሞ አይተረጉምም። ስለዚህ ትረካ የመጽሐፉ አንድ ትርጓሜ ነው። ያንን ትርጓሜ ከመጽሐፉ ጋር ለማመሳከር ገጹ ሊኖር ይገባል።

ንባቡን የሚመራውም ማን እንደ ሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ገጽን አንባቢው ይመራዋል፤ ትረካ አድማጩን ይመራዋል። ታሪክ ለሚከተል ሰው ይህ ምቾት ነው። የሕግ አንቀጽ ለሚያጠና፣ የዘር ሐረግ ለሚቈጥር፣ የዓመተ ምሕረት ሰንጠረዥ ለሚያነጻጽር ግን ድካም ነው።

ምርጫ ለሌለው አንባቢ

ስለ ሦስቱ የመጽሐፍ መልኮች ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የዓይን ብርሃን የሌለው አንባቢ ነው። በዓለም ታሪክም የድምፅ መጽሐፍ የተጀመረው ለመንገደኛ መዝናኛ ሳይሆን ለእርሱ ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካና በብሪታንያ መጻሕፍት በሸክላ እየተቀዱ ለዓይነ ስውራን ይሰራጩ ጀመር፤ በብሪታንያ ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች መካከል በጦርነት ዓይናቸውን ያጡ ወታደሮች ነበሩ። በሀገራችንም በሰበታ መርሐ ዕውራንን በመሳሰሉ ትምህርት ቤቶች ብሬል ተስፋፍቶ ብዙ ምሁራንን አፍርቷል። የብሬል መጽሐፍ ግን ገጹ ወፍራም፣ ቅጹ ብዙ፣ ዋጋውም ከፍተኛ በመሆኑ ከታተመው አማርኛ መጽሐፍ ወደ ብሬል የሚለወጠው ጥቂቱ ነው።

ለዚህ አንባቢ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ታላቅ ተስፋ ይዞ መጣ፤ በስልክ ውስጥ ያለ ፕሮግራም ጽሑፉን ወደ ድምፅ ለውጦ ያሰማዋልና። ተስፋው ግን ሁለት መሰናክሎች አሉበት። አንደኛው፣ ዛሬ ከእጅ ወደ እጅ ከሚተላለፉት የአማርኛ ፒዲኤፎች ብዙዎቹ የገጽ ፎቶግራፍ መሆናቸው ነው። ለሚያይ ሰው መጽሐፍ ይመስላሉ፤ ለፕሮግራሙ ግን ሥዕል እንጂ ፊደል ስላልሆኑ ዝም ይላል። ሁለተኛው፣ ጽሑፉ እውነተኛ ፊደል ቢሆን እንኳ የሚጠብቀውንና የሚላላውን የሚያመለክት ምልክት ስለሌለው መሣሪያው «ገና»ን ከ«ገና» ሳይለይ ይሳሳታል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 በነጥብ ሊፈቱት የሞከሩት ችግር እነሆ በሌላ ዘመን፣ በሌላ መሣሪያ ተመልሶ መጣ።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመውን የማራካሽ ስምምነት በ2020 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች። ስምምነቱ የታተመን ሥራ ለዓይነ ስውራንና ኅትመት ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች በሚስማማ መልክ ለማዘጋጀት የባለ መብቱን ፈቃድ መጠበቅ እንዳያስፈልግ መንገድ ይከፍታል። የተከፈተውን መንገድ በመጻሕፍት መሙላት ግን የአሳታሚው፣ የቤተ መጻሕፍቱና የተራኪው ሥራ ነው።

የብርሃን ፊደል

የኢትዮጵያ መጻሕፍት ወደ መስተዋት መሻገር የጀመሩት ብዙዎች ከሚገምቱት ቀደም ብሎ፣ በጥንታውያኑ በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በየገዳማቱና በየአድባራቱ የሚገኙ ብዙ ሺህ መጻሕፍትን በፊልም አነሣ። ቅጂዎቹ በአሜሪካ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል ሲቀመጡ፣ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ሰጥተው ዘረዘሯቸው። በኋላም ፊልሞቹ ወደ ኮምፒዩተር ተዛውረው በሩቅ ሀገር ያለ ተመራማሪም እንዲያያቸው ተደረገ። ብራናው በቦታው ሲቀር ምስሉ ተጓዘ። መልክ መለወጥ ጥበቃ ሊሆን እንደሚችል ይህ ታላቅ ምሳሌ ነው።

ለዘመናዊው ጽሑፍ መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለፊደላቱ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለ ነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ጭረት ይሆን ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው 3.0 የተባለው የዩኒኮድ እትም ለግዕዝ ፊደላት ዓለም አቀፍ ቁጥር ሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው 4.1 እትም ደግሞ የማጥበቂያ ምልክት የራሱን ቁጥር አገኘ። መሣሪያው ዛሬ አለ ማለት ነው፤ የቀረው የአጻጻፍ ልማዱ ነው።

ነገር ግን መገልበጥ እጅግ በቀለለ መጠን የደራሲው እጅ ባዶ መሆን ጀመረ። ዓመታት የተደከመበት መጽሐፍ ገበያ ላይ በዋለ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በቴሌግራም ሲሰራጭ ይታያል። የብራናው ዘመን ገልባጭ ወራት ደክሞ አንድ ቅጂ ሲጨምር ለመጽሐፉ ዕድሜ ይቀጥል ነበር፤ የዛሬው ገልባጭ በአንድ ጣት ሺህ ቅጂ ሲበትን ደራሲው ቀጣዩን መጽሐፍ የሚጽፍበትን እንጀራ ይነሣዋል። ሕጉ ግልጽ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የድርሰት ባለቤትነትን ደንግጎ ነበር፤ በኋላም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመታት አስጠበቀ። በ1996 ዓ.ም. ያረፉት የሐዲስ ዓለማየሁ ሥራ በዚህ ስሌት እስከ 2046 ዓ.ም. ጥበቃ አለው። «ተዛማጅ መብት» የሚለው ቃል ተራኪውንም ይመለከታል፤ በድምፁ ሥራውን ሕያው ያደረገ ከዋኝ የራሱ መብት አለው። እንግዲህ አንድ ትረካ ያለ ፈቃድ ሲባዛ ደራሲውም ተራኪውም ተጎጂዎች ናቸው።

ምርጫው

በጀሞ፣ በለቡ፣ በጎፋና በሳሪስ የሚኖረው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ የሦስቱንም መልኮች ጥቅም በዕለት ኑሮው ያገኘዋል። በጋራ መኖሪያ ሕንጻዎቹ ሰፈሮች መስፋፋት ምክንያት የመኖሪያና የሥራ ቦታ ተራርቀዋል። በጠዋትና በማታ በታክሲ ወረፋና በጉዞ የሚያልፈው ጊዜ፣ ቆሞ የሚሄደው ተሳፋሪም መጽሐፍ መግለጥ አለመቻሉ ለድምፅ መጽሐፍ ሰፊ ቦታ ይሰጣል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር የቃሊቲ መስመር ላይ ሁለት ፌርማታዎች የንፋስ ስልክን ስም ይዘዋል። ማዳመጫ በጆሮው ሰክቶ ትረካ እየሰማ በዚያ የሚያልፍ ሰው ስሙን ባያስተውለውም የአያቶቹን ቃል በተግባር ይፈጽማል። ኤሌክትሮኒኩ መጽሐፍ ደግሞ ሌሊት መብራት ሳያበራ ለሚያነብ፣ ፊደሉን ማጉላት ለሚፈልግ አረጋዊ፣ በውጭ ሀገር ሆኖ የአማርኛ መጽሐፍ መደብር ለራቀው ኢትዮጵያዊ አቻ የለውም።

የወረቀት መጽሐፍ ብልጫ የባለቤትነቱ ሙሉነት ነው። የገዛው ሰው ያውሰዋል፤ ያወርሰዋል፤ ለልጁ ስም ጽፎ ይሰጠዋል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው «ኦሮማይ» ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ሲጠፋ፣ ቀደም ሲል በገዢዎች እጅ የገቡት ቅጂዎች በየጓዳው ተደብቀው ተነበቡ፤ መጽሐፉም ዘመን ሲለወጥ ደግሞ ታተመ። በመተግበሪያ ውስጥ የተገዛ መጽሐፍ ግን ብዙውን ጊዜ ድርጅቱ እስከ ቆየ፣ የገዢውም መለያ እስከ ሠራ ድረስ የተሰጠ የማንበብ ፈቃድ ነው። ድርጅቱ ሲዘጋ መደርደሪያው አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ ለረጅም ዘመን እንዲኖር የሚፈለግ ሥራ ቢያንስ በወረቀት መቀመጥ አለበት።

በአንጻሩ ወረቀት ብቻውን በቂ ነው ማለት፣ ታሪክ እንደሚያስተምረው፣ ብዙውን ሕዝብ ከመጽሐፍ ውጭ መተው ነው። ፊደል ያልቆጠሩት እናቶች «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያገኙት በነፋስ ነበር። የዓይን ብርሃን የሌለው ተማሪ ዛሬም መጽሐፉን የሚጠብቀው በድምፅ ነው። «ማድመጥ ማንበብ አይደለም» የሚለው ፍርድ እነዚህን ሁሉ ከአንባቢነት ማኅበር ያስወጣል፤ የንባብ ቤቱን መምህር ጭምር።

እንግዲህ አሳታሚና ደራሲ ውል ሲዋዋሉ ሦስቱን መልኮች አስቀድመው ቢያስቡባቸው፣ በስምምነቱም የተራኪው ድርሻ ቢለይ፣ የኤሌክትሮኒኩ ቅጂ በፎቶግራፍ ሳይሆን በእውነተኛ ፊደል ቢዘጋጅ፣ አሻሚ በሆኑ ቃላት ላይ የማጥበቂያ ምልክት ቢደረግ ብዙ ችግር በትንሽ ወጪ ይቃለላል። የቀደሙት የራዲዮ ትረካዎች በመልካም ሁኔታ ተገልብጠው በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከታተሙት ሥራዎች ጎን እንዲቀመጡ ማድረግም ለነገ የማይባል ተግባር ነው፤ ማግኔት ክር እንደ ብራና ሺህ ዓመት አይቆይምና። አንባቢው በበኩሉ ለመንገዱ ድምፁን፣ ለሌሊቱ መስተዋቱን፣ ለጥናቱና ለልጆቹ ወረቀቱን ቢመርጥ ምርጫው የተገባ ነው። ከእርሱ የሚጠበቀው በየትኛውም መልክ ቢያገኘው የደራሲውንና የተራኪውን ዋጋ መክፈል ነው።